ከጀልባ የወረደው የውሃ ማሞቂያ ደሴ ላይ ለምን ለብ ብሎ ቀረ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ደሴ ውስጥ ከእናቷ ጋር አነስተኛ ፔንሲዮን ታስተዳድራለች። ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሟ ከአንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ ላይ የወረደ ባለ 40 ሊትር የውሃ ማሞቂያ ላከላት። ከሞተር በሚመጣ ሙቀት ውሃ የሚያሞቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ 20 ኬቪኤ የናፍጣ ጄኔሬተር ስላላቸው ማሞቂያውን ከሱ ጋር አገናኙት። ታንኩ ሻወሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከጄኔሬተሩ በ2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጎማው መሄጃው 12 ሜትር፣ መመለሻው 12 ሜትር ነው። ሁለቱም ከራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ተቀጥለዋል። ጄኔሬተሩ አንድ ሰዓት ሠርቶም ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም። ወደ ታንኩ የሚገባው ጎማ ትንሽ ይሞቃል፣ የሚመለሰው ግን ቀዝቃዛ ነው። መካኒኩ «ማሞቂያው ሞቷል፣ ጣሉት» ብሏቸዋል። እግረ መንገዷንም አምና ጄኔሬተሩ ሲግል ይኸው መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ እንደጣለው ጽፋለች።

እህቴ፣ ማሞቂያውን አትጣዪው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ማሞቂያው መበላሸቱን የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም። የሚያሳየው ሌላ ነው። ሞተሩ ራሱ በቅጡ አይሞቅም። የሞቀችው ትንሽ ውሃም ታንኩ ጋ አትደርስም። ሁለቱም የአገጣጠም ችግር ናቸው፣ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ከሙቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር አለ። የእንግዶችሽ የጤና ጉዳይ ነው፣ ወረድ ብዬ በሰፊው እመጣበታለሁ። እስከዚያው ከዚያ ታንክ የሚወጣውን ውሃ ማንም አይጠጣው፣ አፉንም አይጉመጥመጥበት።

እኔ ጅቡቲ ወደብ የጀልባ ሞተር ስጠግን ቆይቼ አሁን ኮምቦልቻ ጄኔሬተር ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ ይህን ዓይነት ታንክ በመጣበትም በገባበትም በኩል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው በተሠራበት ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ። የሸራ ጀልባን የሚነዳው ነፋስ ነው። ሞተሩ የሚነሳው ወደብ ሲገቡና ሲወጡ፣ ነፋስ ሲጠፋ ወይም ባትሪ መሙላት ሲያስፈልግ ነው። የናፍጣ ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ወደ ጉልበት የሚለውጠው በግምት ሲሶውን ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ይወጣል። የቀረው አብዛኛው ሞተሩን ወደሚያቀዘቅዘው ውሃ ይገባና ይባክናል። የጀልባ ሰዎች የሚይዙት ይህን የሚባክነውን ሙቀት ነው። የሞተሩ ውሃ በታንኩ ሆድ ውስጥ በተጠመዘዘ ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ደግሞ በዙሪያው ያለውን የመታጠቢያ ውሃ ያሞቃል። ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም። በመሃላቸው ያለው የቱቦው ግድግዳ ብቻ ነው። ታንኩ ወፍራም የሙቀት መከላከያ ስለለበሰ፣ ጠዋት ሞተር ተነስቶ የሞቀ ውሃ ማታም ያስታጥባል።

እዚያም ቢሆን ሙቀቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል። የባሕር ውሃ በቀጥታ በውስጡ የሚያልፍበት ሞተር ሆን ተብሎ ቀዝቀዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ከ60 ዲግሪ በታች። ከዚያ በላይ ከጋለ ጨው ውስጡ ይጋገርበታል። የራሱ የተዘጋ ውሃ ያለው ሞተር ግን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ያንቺ ጄኔሬተር ከዚህኛው ወገን ነው። በትክክል ከተገጠመ ታንክሽ ደሴ ላይ ሆኖ ከብዙ ጀልባ የተሻለ ሊሞቅ ይችላል።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። 40 ሊትር ውሃን ከ16 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይበቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት አለው። ጄኔሬተርሽ መብራት፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ በሰዓት 2 ሊትር አካባቢ ቢበላ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባው ሙቀት ከሚያስፈልግሽ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቱ አለ። ራዲያተሩ ነው ወደ ውጭ እየበተነው ያለው።

የሚበትነው ደግሞ ቴርሞስታቱ ስለሌለ ነው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ናት። ውሃው ሲሞቅ ትከፍታለች፣ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች። እሷ ከወጣች ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። ማራገቢያው ደግሞ የጦሳ ተራራን ብርድ እየሳበ ይነፋበታል። በሐረጎ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይላል፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ታች ይላል። ያንቺ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ ሐረጎን ቁልቁል እንደሚወርድ መኪና ነው። ጭነቱ ትንሽ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቴርሞስታትም የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር 50 ዲግሪም ላይደርስ ይችላል። 50 ያልደረሰ ሞተር ደግሞ ውሃሽን 60 ሊያደርሰው አይችልም።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በእኛ አገር መካኒኮች ዘንድ የተለመደ ነው። «ጋለ» ሲባል መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት። ልማዱ ሞተሩን ይጎዳል። በብርድ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን አጥርቶ አያቃጥልም። ጭሱ ይበዛል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ማርሚታውም በጥቁር ቅባት ይሞላል። ስለዚህ ለሙቅ ውሃው ብለሽ ባይሆን እንኳ ለጄኔሬተሩ ዕድሜ ስትዪ አስመልሺው።

ግን ዝም ብሎ መመለስም አይሆንም። አምና የጋለበት ምክንያት ካልተገኘ ነገም ይግላል። መካኒኩ ሦስት ነገር ይይልሽ። አንደኛ፣ የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በዘይት ተደፍነው እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የፓምፑና የማራገቢያው ቺንጋ ላልቶ ወይም ተበልቶ እንደሆነ። ሦስተኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደሴ ላይ ክዳኑ ከሌላ ቦታ የበለጠ ዋጋ አለው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ነው። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ሥራው መክደን ብቻ አይደለም። ግፊት ይይዛል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ካለሽ ውሃው ደሴ ላይም ቢሆን 110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ከሆነ ግን ከ82 ዲግሪ የሥራ ሙቀት እስከ መፍያው ያለሽ ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ትንሽ ጭነት ሲጨመርበት ይንተከተካል። «ጋለ» የሚባለውም ያኔ ነው። አዲስ ክዳን ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሹ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አይተሽ ግዢ።

ስለ ከፍታው ካነሳሁ አይቀር ሌላም ልጨምር። አዲስ ቴርሞስታት ስትገዢ መካኒኩ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቶ ሊሞክራት ይችላል። ጥሩ ልማድ ነው። 82 የተጻፈባት ቴርሞስታት 82 ላይ መከፈት ትጀምራለች እንጂ ያኔውኑ ሙሉ በሙሉ አትከፍትም። ሙሉ የምትከፍተው ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ጨምሮ ነው። ደሴ ላይ ድስቱ ከ92 አያልፍም። ስለዚህ ግማሽ ከፍታ ብትቆም ጤነኛ ናት። መካኒኩ «ይቺም አትሠራም» ብሎ እንዳይመልሳት ንገሪው።

አሁን ወደ ታንኩ ቦታ እንምጣ። ሁለተኛው ችግርሽ እዚህ ነው። ታንኩን ከጄኔሬተሩ 2 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሰቀላችሁት። የራዲያተሩ ክዳን ግን ከታች ነው። የሞተሩን ውሃ የምትሞዪው በዚያ ክዳን ስለሆነ፣ ከክዳኑ በላይ ያለው ጎማና የታንኩ ጥምዝ ቱቦ መቼም በራሱ ሞልቶ አያውቅም። አየር አለበት። አየር ሁልጊዜ ከፍታ ፈልጎ ይቀመጣል። ከፍታው ያንቺ ታንክ ሆነ። የሞተሩ ፓምፕ ደግሞ ውሃ ለማዞር እንጂ አየር ገፍቶ ለማስወጣት አልተሠራም። የሚገባው ጎማ ትንሽ የሞቀው፣ የሚመለሰው ደግሞ የቀዘቀዘው በዚህ ነው። ጀልባ ላይ ታንኩ ወለሉ ሥር፣ ከሞተሩ ጎን ወይም ከሱ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍ ማድረግ ግድ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ ሌላ የመሙያ ዕቃ ይገጠማል፤ ክዳኑም ወደዚያ ይዛወራል። ላንቺ ግን አልመክርሽም። ታንኩን ማውረድ ይቀላል።

የቲው አቀጣጠልም ችግር አለበት። ውሃ በጎማ ውስጥ እንዲሄድ በአንዱ ጫፍ ግፊት መብዛት፣ በሌላው ማነስ አለበት። እናንተ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ጎማ ላይ፣ ጎን ለጎን ቀጥላችኋል። ግፊቱ እኩል ነው። ውሃው ታንኩን ዞሮ የሚመጣበት ምክንያት የለውም፣ በአቋራጭ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። በዚያ ላይ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ከቴርሞስታቱ በኋላ ነው የሚገኘው። ቴርሞስታቱ ሲመለስ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ እዚያ ጎማ ውስጥ ምንም አይመጣም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። መነሻው ከሞተሩ ቴስታታ (ከሞተሩ የላይኛው ራስ)፣ ከቴርሞስታቱ በፊት ካለ ቦታ ይውሰድ። መመለሻው የውሃ ፓምፑ ወደሚስብበት በኩል ይግባ። መኪና ውስጥ የጋቢናው ማሞቂያ የሚቀጠለው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ የጄኔሬተር ሞተር በእነዚህ ቦታዎች ላይ በብሎን የተዘጋ ቀዳዳ አለው፤ ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ የተወው ነው። መካኒኩ ከሞተሩ መጽሐፍ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ይህ መስመር ለዋናው ዝውውር ተጨማሪ መሆን አለበት እንጂ በመሃሉ መግባት የለበትም። የራዲያተሩን ጎማ ቆርጦ ውሃው በሙሉ በታንኩ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ አደገኛ ነው። ጥምዙ አንድ ቀን ቢደፈን ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

ታንኩን አውርጂና ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ አናቱ ከራዲያተሩ ክዳን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጊ። የሞተሩ ጎማ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ይበቃዋል። ሙቀት የሚችል የሞተር ጎማ ይሁን፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አይሆንም። በየጫፉ ደህና ፋሼታ ይታሰር። ረጅሙን መንገድ የሚሄደው ንጹሁ ሙቅ ውሃ ይሁን። ከታንኩ እስከ ሻወሩ ያለውን ቧንቧ በስፖንጅ መሸፈኛ አልብሺው። እንግዳው ሲከፍት መጀመሪያ ሁለት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ይወጣል፣ ከዚያ ሙቁ ይመጣል። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በላይ እስካለ ድረስ የታንኩ ታች መሆን የውሃውን አመጣጥ አይጎዳውም።

ጎማውን ለማሳጠር ብላችሁ ጄኔሬተሩን ወደ መኝታ ክፍሎቹ እንዳታስጠጉት ግን አደራ። የጄኔሬተር ጭስ ሽታው ሳይታወቅ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ጄኔሬተሩ ባለበት ይቆይ፣ ታንኩ ወደሱ ይሂድ።

አየሩን ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቺ። ጥምዙን ከመቀጠሉ በፊት በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሙሊው። ጎማው ከተቀጠለ በኋላ ከፍ ያለውን ጫፍ ፋሼታ ላላ አድርጊና አረፋ የሌለበት ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ ጠብቂ፣ ከዚያ አጥብቂው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ በዝግታ ይነሳ። ጎማውን በእጅ ጨመቅ ለቀቅ ሲያደርጉት ይንቦቀቦቃል። አረፋው ሲያቆም ሙሊና ክደኚ። በማግስቱ ሲቀዘቅዝ እንደገና እዪው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎድላል። የጋለ ሞተርን ክዳን ግን በምንም ምክንያት እንዳትከፍቺ።

ከዚያ ምርመራው በእጅ ነው። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሲሞቅ ሁለቱን ጎማዎች ታንኩ ጋ ንኪያቸው። ጣትሽን ነካ አድርገሽ አንሺ፣ አትጨብጪ። መጀመሪያ ላይ የሚገባው ሞቆ የሚመለሰው ቀዝቀዝ ቢል ጥሩ ነው፤ ታንኩ ሙቀቱን እየወሰደ ነው ማለት ነው። እየቆየ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። የሚመለሰው እንደቀዘቀዘ ከቀረ አየር አለ ወይም ጥምዙ ተደፍኗል። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ሞተሩ ራሱ አልሞቀም፣ ወደ ቴርሞስታቱ ተመለሺ። ሁለቱም እያቃጠሉ ከቧንቧው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ከመጣ ደግሞ ችግሩ የሞተሩ አይደለም፣ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ወይ ሙቁ መውጫ ከታንኩ ታች ተቀጥሏል፤ ሙቅ ውሃ ላይ ነው የሚቀመጠው። ወይ ደግሞ የሻወሩ ቀዝቃዛ በቀጥታ ከመንገድ መስመር፣ ሙቁ ከሮቶ ነው የሚመጣው። የመስመሩ ግፊት ይበረታና ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ቧንቧ ይገባል። ሁለቱም ከአንድ ሮቶ ይምጡ።

አሁን ወደ ጤናው ጉዳይ። ሞተር ውስጥ የሚጨመረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በአብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል ነው። መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም። ኩላሊት ይጎዳል፣ ይገድላልም። አረንጓዴ ይሁን ቀይ ቀለሙ ስለ መርዝነቱ ምንም አይናገርም። እሱን ከእንግዶችሽ መታጠቢያ ውሃ የሚለየው፣ ስንት ዓመት የባሕር አየር ሲበላው እንደኖረ የማይታወቅ የአንድ ቱቦ ግድግዳ ነው።

ጀልባ ላይ ይህ አደጋ ይቀንሳል። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያንቺ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። ጀልባ ላይ የመታጠቢያው ውሃ በፓምፕ ይገፋል፣ ግፊቱ 2 እስከ 3 ባር ነው። የሞተሩ ውሃ ደግሞ ከ1 ባር አይበልጥም። ቱቦው ቢቀደድ ንጹሁ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሞተሩ ይሞላል፣ ይፈስሳል፣ ባለቤቱም ያውቃል። አንቺ ጋ ግን ውሃው የሚመጣው በራሱ ክብደት ከሮቶ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ሮቶሽ ከታንኩ 4 ሜትር ከፍ ቢል 0.4 ባር ብቻ ነው። የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ 0.9 ባር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ፈሳሹ የሚሄደው ወደ ሻወሩ ነው። ማንም ሳያውቅ።

የፔንሲዮን እንግዳ ደግሞ በሙቅ ውሃ ገላውን ብቻ አይታጠብም። ለሱብሂ የሚነሳው በብርድ ውሃ ከሚሰቃይ በሙቁ ውዱእ ያደርጋል፣ አፉን ይጉመጠመጣል። ሌላው ጥርሱን ይፋቃል። እናት ለልጇ ወተት ትበጠብጥበት ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ሳታደርጊ ይህን መስመር ለእንግዳ አትክፈቺ።

መጀመሪያ ጥምዙን አስፈትሺ። የመታጠቢያው ውሃ ከታንኩ ይውጣ። የጥምዙን አንድ አፍ በቡሽ ዝጉ፣ በሌላው በኩል ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ አየር ሙሉበት። 1.5 ባር ይበቃል፣ በጎሚስታ ጌጅ 22 ገደማ ነው። ኮምፕሬሰር በሙሉ ኃይሉ እንዳትለቁበት። አንድ ሰዓት ተዉት። ጌጁ ካልወረደ ጥሩ። ከወረደ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እዩ። እነሱ ደህና ሆነው አሁንም የሚወርድ ከሆነ ጥምዙ ተቀድዷል፤ ያኔ ጥምዙን በጭራሽ አትጠቀሚበት። ይበየዳል የሚልሽንም አትስሚ።

ቀጥሎ ፈሳሹን ቀይሪ። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚል የተጻፈበትን ፈልጊ፤ ከኤትሊኑ መርዝነቱ እጅግ ያነሰ ነው። ግን በውስጡ ለዝገት የሚጨመሩ ኬሚካሎች ስላሉ እሱም አይጠጣም። አሮጌው ፈሳሽ ከሞተሩ ተለቆ፣ ታጥቦ ይውጣ። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ ዝገቱ ጠባቡን ጥምዝ ይደፍነዋል። የፈሳሹን ልክ በየሳምንቱ እዪ። የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ከጎደለ ወዴት እንደሄደ ገምቺ፣ መስመሩንም ያኔውኑ ዝጊ።

ሦስተኛው፣ ለእንግዳው ንገሪው። ለአፍ፣ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው ቀዝቃዛው ብቻ እንደሆነ ሻወሩ በር ላይ በትልቁ ጻፊ። ለውዱእ የሚሆን ሙቅ ውሃ ከኩሽና በማንቆርቆሪያ ስጧቸው። ለእናትሽም አስረጃት።

ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ መቃጠል። የኤሌክትሪክ ቦይለር 60 ወይም 70 ላይ በራሱ ይጠፋል። ይህ ግን አይጠፋም። ሞተሩ 85 ከሆነ ታንኩም ወደዚያ ይሄዳል። 60 ዲግሪ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል፣ 80 ደግሞ ጊዜም አይሰጥም። መውጫው ላይ ሙቁን ከቀዝቃዛው ቀላቅሎ 45 አካባቢ የሚያወጣ ቫልቭ አስገጥሚ። በሮቶ ግፊት የሚሠራ መሆኑን ጠይቂ፣ አንዳንዱ ብርቱ ግፊት ይፈልጋል። ታንኩ ላይ ያለችውን፣ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰውን ሴፍቲ ቫልቭ ደግሞ ተንጠባጠበች ብሎ የሚዘጋ ሰው አይጠፋም፣ ከልክዪ። 40 ሊትር ውሃ ሲሞቅ በ1 ሊትር ያህል ይሰፋል፤ ወደ ሮቶው የሚመለስበት መንገድ በቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ) ከተዘጋ መውጫው እሷ ብቻ ናት።

ስንት ሰው ያጥባል? 60 ዲግሪ የሆነ 40 ሊትር ከ16 ዲግሪ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ ያለው 70 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ቆጥቦ የሚታጠብ ሦስት ሰው ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቂ።

ለዚህ ብለሽ ብቻ ጄኔሬተር እንዳታስነሺም እለምንሻለሁ። መብራት ጠፍቶ እየሠራ ከሆነ ሙቀቱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይመጣል። መብራት እያለ ግን ለ40 ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት ሊትር ናፍጣ ማቃጠል ገንዘብ መጣል ነው። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ነገር እዚያው ታንኩ ላይ ሊኖርሽ ይችላል። አብዛኛው የጀልባ ታንክ ወደብ ላይ ቆሞ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አብሮት አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ750 እስከ 1200 ዋት። በጎኑ በኩል ክብ ክዳን ካለ እሱ ነው። 1000 ዋት ቢሆን 40 ሊትሩን በሁለት ሰዓት ያሞቃል። ጥምዙ ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ ከሞተሩ አላቀሽው፣ ጥምዙንና ታንኩን በደንብ አጥበሽ፣ የጥምዙን ሁለት አፎች ደፍነሽ ታንኩን እንደ ተራ ቦይለር ትጠቀሚበታለሽ፤ ያኔ የመርዙም ጉዳይ አብሮ ይቀራል። ጄኔሬተር ላይ ሆኖ ብትሰኪው ደግሞ ሞተሩ ጭነት ስለሚያገኝ ራሱም ቶሎ ይሞቃል።

ከመሰካትሽ በፊት ግን የታንኩን የብረት ሰሌዳ አንብቢ። 230 ቮልት ካለ ይሆናል። 120 ከሆነ ከአሜሪካ ጀልባ የመጣ ነው፤ እኛ መስመር ላይ ከልኩ አራት እጥፍ ገደማ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። ያኔ የሚቀየረው ውስጡ ያለው ማሞቂያ ዘንግ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመሬት ሽቦ ሳያገናኝ አይሂድ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን አትስኪው፤ ታንኩ መሙላቱን ሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ውሃ ሲወርድ አይተሽ አረጋግጪ። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ካልገባሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የጄኔሬተሩን ሞተር ሰሌዳም ጨምሪበት። መነሻና መመለሻው የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚገባ ምልክት አድርጌበት እመልስልሻለሁ።